ዘጠነኛው ብልቃጥ

ኪሱሙ፣ ሰኞ በምሳ ሰዓት

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ ከነሙቀቱ ሐይቁን ተሻግሮ ይድረስሽ። እንዴት ሰነበትሽ? ባልሽ ኦጅዋንግስ እንዴት ነው? የጀልባው ሞተር ተሠራ ወይስ አሁንም ሞተሩ እሱ ራሱ ነው? አማትሽስ ደህና ናቸው? እግዚአብሔር ጤናቸውንና ድምፃቸውን ይጠብቅላቸው፤ ድምፃቸው እንኳ ጠባቂ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። አዊኖዬስ? እትብቷን እንደ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማ የመጣችው እመቤት አሁን ዶሮ ማሳደድ ጀመረች ብለሽኛል። ከኋላዋ ቆመሽ ስትጠሪያትስ? አሁንም መሬቱን በእግርሽ ካልመታሽ አትዞርም? ይህችን ጥያቄ ከዶሮው ቀጥዬ የሸጎጥኳት ቀላል ስለሆነች አይደለም።

እኔ ከእጄ በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። እጄ ዝናብ እንደራቀው የሐይቅ ዳር ጭቃ ተሰነጣጥቋል። እመለስበታለሁ።

ለምን አልደወልሽም እንዳትይኝ። በዚህ ወር ሦስት ጊዜ ደውዬልሻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዓሣ አውርተን ዘጋን። አንቺ ስልኩ ውስጥ ስትስቂ እኔ ቀልድ መጨመር እንጂ ማቆም አልችልም። ወረቀት አይስቅም፤ ስለዚህ ከሱ ጋር ይሻለኛል ብዬ ነው።

እንግዲህ ዜናው ይህ ነው። የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አምስት ፈታኞች ፊት ቆሜ ጥናቴን አቀርባለሁ። ካለፍኩ ዶክተር እባላለሁ። በእናታችን አቆጣጠር ግን ዶክተር ከሆንኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማንም በስሟ አይጠራትም፤ «የዳክታሯ እናት» ነው የምትባለው፤ የፊት ወንበርም ተለቆላታል። ድንኳኑ ታዟል። አርባ ሴቶች አንድ ዓይነት ቀሚስ አሰፍተዋል፤ ጨርቁ ላይ የኔ ፊት ታትሟል፤ መቀመጫቸው ላይ ማለቴ ነው፤ ልብስ ሰፊው ሲቆርጠው እንዲያ ሆነ። አጎታችን ኦንዲቲ ንግግር ጽፏል፤ ከጥናቴ በሁለት ገጽ ይበልጣል። በዘራችን ውስጥ የነበሩትን ታላላቅ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ይዘረዝርና በመጨረሻ እኔ ጋ ሲደርስ፣ ያው ደክሞት ነው መሰለኝ፣ ስሜን ብቻ ጠርቶ ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ምን እንደሆንኩ አንቺ ታውቂያለሽ። አምስት ዓመት ሙሉ ከሰኞ እስከ አርብ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኃላፊ ነርስ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ናይሮቢ ውስጥ የግርጌ ማስታወሻ ሆኜ ኖርኩ። ግማሹን ትምህርት የተማርኩት አውቶቡስ ላይ ነው፤ ጭኔ ላይ መጽሐፍ፣ እግሬ ሥር የሰው ዶሮ። አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲጠይቁኝ እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሮ «ሙቀቷ ስንት ነው?» ብዬ ተነሳሁ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዛሬ የክፍል ጓደኞቼ በስልክ ሰላም ሲሉኝ ሙቀታቸውን ይነግሩኛል።

የዚህ ዓይነቱ ዶክትሬት ደንቡ ሥራሽን ሳትለቂ የራስሽን የሥራ ቦታ መመርመር ነው። ሌላ አገር ሄደሽ የሌላ ሰው ኃጢአት መቁጠር አይቻልም፤ የገዛ ቤትሽን መስኮት ከውጭ ሆነሽ ነው የምታጮልቂው። የጥናቴ ርዕስ ሦስት መስመር ይሞላል። ሲጨመቅ ግን የሚወጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሠራተኞቻችን ሕፃን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ ወይ?

ተረኛ ሊጠራኝ መጥቷል። እቀጥላለሁ።

ማክሰኞ፣ ጠዋት

ተመለስኩ። ከመቀመጤ በፊት ታጥቤ ነው።

መጀመሪያ የቆጠርኩት እኔ ነበርኩ። ሰሌዳና ብዕር ይዤ ከአልጋ አልጋ እየሄድኩ፣ ማን ታጠበ ማን አልታጠበ ብዬ ምልክት አደርግ ነበር። በክፍሉ ስምንት ሠራተኞች አሉ። በጥናቱ ደንብ በስም አይጠሩም፤ ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ሰጠኋቸው። ምስጢር ነው ተባለ። በማግስቱ ነርስ ኦፖንዶ፣ ያ ረጅሙ፣ አንቺን «የአለቃዬ ታናሽ» እያለ ሻይ ያመጣልሽ የነበረው፣ በሩ ላይ ቆሞ «አራት ቁጥር ገብቷል፤ እንደምን አደርሽ ዳክታር» አለኝ። በሳምንቱ ስምንቱም በቁጥራቸው ይጠራሩ ጀመር። ሁለት ቁጥር ልደቷን ስታከብር ኬኩ ላይ «እንኳን ተወለድሽ ሁለት ቁጥር» ተብሎ ተጻፈ። ምስጢራችን በክሬም ተጌጠ።

ደግሞ እኔ ሰሌዳዬን ይዤ ስገባ የሚሆነውን ብታዪ። ስምንቱም ወደ ቧንቧው ይሮጣሉ። ኦፖንዶ ታጥቦ ሲጨርስ ሁለት እጁን እንደ ቄስ ከፍ አድርጎ በፊቴ ያልፋል፤ «መዝግቢ እንጂ ዳክታር፤ ይህ በከንቱ እንዳይቀር» ይለኛል። የሦስት ወር ሳሙና በአሥራ ስምንት ቀን አለቀ። የነርሶች ሁሉ አለቃ የሆነችው ሜትሮኗ ስብሰባ ጠራች፤ ቃለ ጉባኤም ተያዘ፤ «ሳይንስ ከመጣ ወዲህ ሳሙና አልበረከተልንም» የሚል ቃል ተመዘገበ። ሳሙናውን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ኮሚቴው ለመሰብሰብ ሳሙና ጠየቀ።

ውጤቱ ከመቶ ዘጠና ሰባት ወጣ። በደስታ ለአማካሪዬ ለፕሮፌሰር ኦሴዌ ላክሁላቸው። እኒህ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ በረቂቆቼ ጥግ ላይ የጻፉልኝ ተሰብስቦ ቢቆጠር «እና ምን?» የሚለው ነው። በዚያን ቀን ግን ረዘም አድርገው ጻፉ፤ «ይህ ቁጥር መንግሥተ ሰማያት ውስጥም የለም፤ እዚያም ቢሆን ሰማንያ አይሞላም። እየታጠቡ ያሉት ለሕፃናቱ አይደለም፤ ለሰሌዳሽ ነው። የማይታወቅ ቆጣሪ ፈልጊ።»

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቀደልኝ፤ ሠራተኞቹ «በዚህ ወር አንድ ሰው ይቆጥራል» እንዲባሉ፣ ማን እንደሆነ ግን እንዳይነገራቸው። ሳምንቱን ሙሉ ሰላይ ሲፈልጉ ከረሙ። መብራት ሊሠራ የመጣውን ሰውዬ ሻይ በዳቦ ጋበዙት። ሊጸልይ የመጣ ፓስተር ደግሞ «አሜን» ከማለታቸው በፊት ስምንቱም ሲታጠቡ አይቶ፣ ይህን ያህል ቅድስና አይቼ አላውቅም ብሎ በእሁድ ስብከቱ አነሳን። ከዚያ ረሱት። በቀን ስድስት ጊዜ በአጠገባቸው የሚያልፉትን ማማ አቡያን ግን አንድም ሰው አልጠረጠረም።

ማማ አቡያን ታስታውሻቸዋለሽ። የፅዳት ሠራተኛችን፣ አጭሯ፣ አንቺ ስታለቅሺ መጥረጊያቸውን አስደግፈው ያለ ንግግር አጠገብሽ የቆሙት። ቆጣሪዬ እሳቸው ነበሩ። መጻፍ አይሆንላቸውምና ዘዴውን እኛው ፈጠርን። ስምንት ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንዳንድ፣ ምልክቱን ራሳቸው ሣሉበት፤ የኦፖንዶ ረጅም እንጨት ነው። በሽርጣቸው ኪስ ቦሎቄ ይዘው፣ አንድ ሰው ሳይታጠብ ሕፃን በነካ ቁጥር አንዲት ቦሎቄ ወደ ብልቃጡ። በግድግዳው በኩል ላሉት ስድስት አልጋዎች ነጭ ቦሎቄ። ለብቻው በመስኮቱ ሥር ላለው አልጋ ቀይ። የመስኮቱ አልጋ ከቧንቧው አሥራ አንድ እርምጃ ይርቃል፤ ርቀት ሰውን ያሰንፋል ወይ የሚል ምዕራፍ አለኝ። የግርጌ ማስታወሻው ግማሽ ገጽ ነው።

ወሩ ባለፈው ዓመት መጋቢት ነበር።

ተነስቼ ታጥቤ መጣሁ።

ወሩ ሲያልቅ ማማ አቡያ ብልቃጦቹን በፌስታል አድርገው አመጡልኝ። ጠረጴዛዬ ላይ በተራ ደረደሯቸው። ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ። ስምንት ነው የሰጠኋቸው። ዘጠነኛው እስከ አንገቱ ሞልቷል፤ ላዩ ላይ የተሣለው ብዕር ነው።

«ይሄ የማን ነው?» አልኳቸው።

«የምትጽፈው ሰው ነዋ» አሉኝ።

ሣቅሁ። የኔ ጥናት ውስጥ እኔ የለሁም፤ እኔ ተመልካች ነኝ ብዬ አስረዳኋቸው፤ ተመልካች ማለት ምን ማለት እንደሆነም ጨመርኩላቸው፤ አንድ ሴሚስተር የተማርኩትን ነገር በሁለት ደቂቃ። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ «እሺ ሲስተር» አሉ፤ «እኔ ግን ያልሽኝ የሚነካውን ሁሉ ቁጠሪ ነው። አንቺ ብዕሩን ትይዣለሽ፤ ሕፃኑን ትነኪያለሽ፤ ተመልሰሽ ብዕሩን ትይዣለሽ። እጃቸውን ስታይ እጅሽን የምታዪበት ጊዜ አልነበረሽም።»

ስልሳ ሦስት። ኦፖንዶ እንኳ፣ የክፍሉ ጉድ የሚባለው ኦፖንዶ፣ አርባ አንድ ነው።

ከስልሳ ሦስቱ ሃያ ሁለቱ ቀይ ናቸው። ምነው ይህን ያህል ቀይ ብዬ ጠየቅሁ። ማማ አቡያ መጥረጊያቸውን አነሱ፤ ሊሄዱ ነው ብዬ ነበር። «ለግድግዳው አልጋዎች ነርስ ነበርሽ፤ ብትረሺም አንዳንዴ ነው» አሉኝ። «ወደ መስኮቱ ግን ከበሩ ጀምረሽ እየሮጥሽ ነበር የምትሄጂው። ቧንቧው በመንገድሽ ላይ አልነበረም።»

በዚያ ወር በመስኮቱ አልጋ ላይ ማን እንደነበረ አንቺ ከኔ በተሻለ ታውቂያለሽ። አሥራ አንድ ቀን ከጎኑ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ሁለቱ የመጀመሪያ ቀናት እንዴት ጥሩ እንደነበሩ፣ በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ እንዴት እንደመጣ፣ ያንን ጠንካራ መርፌ እኔ ራሴ ስወጋ እጄን ይዘሽ «አንቺ ስላለሽ ነው ያልፈራሁት» እንዳልሽኝ አንቺ ታስታውሻለሽ። እኔም አስታውሳለሁ። መርፌው አዳናት። መርፌው የሚያድነውንና አንዳንዴ ከጆሮ የሚወስደውን ገጽ ዘጠና አንድ ላይ ጽፌዋለሁ።

ይቅርታ፤ ቀልዱ ጠፋኝ። ቆይ ይመጣል።

ዘጠነኛውን ብልቃጥ ቁምሳጥኔ ውስጥ ከጫማዬ ኋላ አስቀመጥኩት። ያኔ ድና ወደ ቤቷ ሄዳለች፤ ወፍራለችም፤ ታዲያ ማን ተጎዳ አልኩ። በጥናቱም ስምንት ሠራተኞች ብዬ ጻፍኩ። ፕሮፌሰሩ ይህን ክፍል አይተው በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «ጥሩ ነው» ብለው ጻፉ። ከዚያ ባለፈው ኅዳር ላይ ደውለሽ፣ ሳህን ከኋላዋ ወድቆ ተሰብሮ አልዞረችም አልሽኝ። እኔም ሕፃን እንዲህ ነው፤ ሐሳብ ላይ ሆና ነው፤ አክስቷን ነው የወጣችው አልኩሽ። ሣቅሽ። ከዚያ ጀምሮ ነው እጄ የተሰነጣጠቀው። እናታችን ትምህርቱ ነው ትላለች፤ «የነጮቹ ሳሙና ዳክታሯን በላት» እያለች ለጎረቤት ታወራለች። ጎረቤቶቹም ይህ የዶክተሮች በሽታ መሆን አለበት ብለው በአክብሮት ነው የሚያዩኝ።

ባለፈው ሳምንት ብልቃጡን ይዤ ፕሮፌሰር ኦሴዌ ጋ ሄድኩ። ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። አንስተው ወደ ብርሃኑ አደረጉት፤ «ቦሎቄ ነው» አሉ፤ ፕሮፌሰርነት ቀላል አይደለም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ብልቃጡን መልሰው ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ተመልካች የጥናቱ አካል አይደለም» አሉኝ። «ይህ ልብ ወለድ አይደለም፤ ጥናት ነው። ዘጠነኛ የለም። ሐሙስ ስምንቱን ይዘሽ ግቢ፤ ካለፍሽ በኋላ ንስሐ ትገቢያለሽ። ለዚያ ቄስ አለ፤ ፈታኝ አያስፈልግም።» ክፉ ሰው ሆነው እንዳይመስልሽ። እሳቸውም ፈርተውልኛል። የሜትሮንነቱ ቦታ በሚቀጥለው ወር እንደሚከፈት ያውቃሉ። ከፈታኞቹ አንዷ ደግሞ የኛው ሆስፒታል የሕክምና ዳይሬክተር መሆኗንም ያውቃሉ።

እሺ አልኳቸው። እውነቴን ነበር። አውቶቡስ ተሳፍሬ ሙሉውን መንገድ እሺ እንዳልኩ መጣሁ።

ከዚያ ቅዳሜ ዕለት አንቺ ደወልሽ። ስለ ዓሣ አወራን። ልትዘጊ ስትይ፣ እንደ ዋዛ፣ አማትሽ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት «ስምንት ወር ሆድ ይዛ ሞተር ሳይክል ላይ ተቀመጠች፤ የልጂቷን ጆሮ ያጠፋው ያ መንገጫገጭ ነው» እንዳሉ ነገርሽኝ። ኦጅዋንግም ዝም አለ አልሽኝ። አንቺም «እውነታቸውን ይሆናል እኮ፤ አልጋ ላይ መተኛት ነበረብኝ» አልሽ፤ ሣቅሽም። እኔ ነበርኩ «ነይ፣ እኔ ያለሁበት ውለጂ፣ እዚያ ማንን አምነሽ ነው?» ያልኩሽ። በሞተር ሳይክል እስከ ማታቱ ሚኒባሶቹ መናኸሪያ ድረስ የመጣሽው ስለጠራሁሽ ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ገጽ ሰማንያ አራትን እንደገና ጻፍኩት። ሠንጠረዡ አሁን ዘጠኝ ረድፍ አለው። ዘጠነኛው ረድፍ «ተመልካቿ» ይላል፤ ቀዩም ነጩም በየዓምዱ ተቀምጧል፤ ከሥሩ አራት መስመር ማብራሪያ አለ፤ ስም የለበትም፤ የአልጋው ቦታና ቀኑ ግን አለ። ሐሙስ ጠዋት ለአምስቱም አድላለሁ።

ማተሚያ ቤት የላክሁት ኦፖንዶን ነው፤ ሳያነብ እንዲያመጣው አደራ ብዬ። ኦፖንዶን አታንብብ ማለት ዓሣን አትርጠብ ማለት ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ቆመ። አምስት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ አይቼው ስለማላውቅ ታመመ ብዬ ነበር። በመጨረሻ «ዳክታር፣ ይህን ሁሉ ዓመት በስንት ድካም ያገኘሁት አንደኝነት፤ አሁን ሁለተኛ ልሆን ነው?» አለኝ። እኔ ሣቅሁ፤ እሱ አልሣቀም። ወደ ቧንቧው ሄደ፤ ማንም ሳይቆጥርበት ታጠበ፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ አልጋ ሄዶ እዚያ ያለውን የሌላ ሰው ልጅ አገላበጠ።

ይህ ደብዳቤ ዛሬ ከሰዓት በሚወጣው የሆማ ቤይ ማታቱ ሾፌር እጅ ይደርስሻል። ከደብዳቤው ጋር ገጽ ሰማንያ አራትና ገጽ ዘጠና አንድ ታጥፈው አሉ። ከፈታኞቹ በፊት አንቺ እንድታነቢው ነው። አምስቱ ምን እንደሚሉ ልገምት እችላለሁ፤ ለያንዳንዳቸው መልስ አዘጋጅቻለሁ። ለአንቺ ያዘጋጀሁት መልስ የለኝም።

ድንኳኑ ውስጥ ከእናታችን አጠገብ አንድ ወንበር አስይዤልሻለሁ፤ ሐሙስ ምንም ቢሉኝ እናታችን ድንኳኑን እንደማትመልስ ታውቂያለሽ። ባትመጪ ማንም ምክንያት አይጠይቅሽም፤ ዝናብ ነበር እላቸዋለሁ። ብትመጪ ደግሞ አዊኖን አምጫት። እኔ ፊት ለፊቷ ሆኜ ነው የምጠራት። ናይሮቢ ውስጥ የሕፃናትን ጆሮ የምትመረምር አንዲት የክፍል ጓደኛዬ አለች፤ ሙቀቷን ብቻ ሳይሆን ቀጠሮዋንም ነግራኛለች። ሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው። ከአንቺ ጋር አልሄድም ብትዪኝም ቀጠሮው የአዊኖ ነው፤ የኔ አይደለም።

ፈጣሪ ቤትሽን በሰላም ያኑርልሽ። የኦጅዋንግን መረብ ይሙላለት፤ አፉንም ይፍታለት። የአዊኖን እግር ከጉድጓድ፣ ዶሮዎቹንም ከአዊኖ ይጠብቅ። እናታችንን ዕድሜ ይስጥልን፤ ከሐሙስ በኋላ በምን ስም እንደሚጠሯት አላውቅም፤ የአንቺም እናት መሆኗን ግን ማንም አይወስድባትም።

ለአማትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ እሳቸው በተናገሩበት ቦታ ላይ ቆመሽ፣ ከታላቅ እህቴ መልእክት አለኝ በያቸው። ሞተር ሳይክሉ አይደለም ብላለች በያቸው። እንዴት ታውቃለች ካሉሽ ገጽ ሰማንያ አራትን ስጫቸው። ማንበብ ባይችሉ ዘጠነኛውን ረድፍ አንብቢላቸው።

እጇን ታጥባ የጻፈችልሽ፣
ታላቅ እህትሽ